ስልክ የቀደመው መርዶ

በአገራችን ደንብ መርዶ በመንገድ አይነገርም፤ ሲመሽም አይነገርም። በሩቅ አገር ሰው የሞተበት ቤተሰብ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ዐውቆ እርሱ ብቻ ሳያውቅ ይሰነብታል። ዘመድ ከያለበት ይጠራል፤ ቀን ይቆረጣል፤ በተቆረጠው ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ ሽማግሎች ወደ ደጁ ይሄዳሉ። ከመካከላቸው አንዱ ነገሩን ከሩቅ ጀምሮ እያቀረበ ያረዳል፤ የቀሩት ኀዘንተኛው ራሱን ከመሬት እንዳይፈጠፍጥ ግራና ቀኝ ይይዙታል። ከኮሶዬ ግርጌ ባለችው ደብራችን፣ ያ አንዱ ለብዙ ዘመን እኔ ነበርሁ። ድጓ የተማርሁት ለዚህ አልነበረም፤ ነገር ግን ድምፄ ዝግ ያለ ነው፤ ሰውም ከቤተ ክርስቲያን ሰው አፍ ሲሰማው ይጸናል ብለው ሽማግሎቹ ሸክሙን በእኔ ላይ አኖሩት።

ቀድሞ ስልክ ከዚህ ደንብ ጋር አይጣላም ነበር። ስልክ የነበረው ጎንደር ከተማ፣ ስልክ ቤት ነው። ደዋዩ ከእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል፤ ሲጠራ ከጠባቧ ክፍል ገብቶ በሩን ይዘጋና እየጮኸ ያወራል፤ የዘጋው በር ግን ምንም አይጋርድም፤ የእርሱን ጉዳይ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ይሰማል። ክፉ ወሬ ከመተማም ይምጣ ከአዲስ አበባ፣ ከዚያ ደርሶ ይቆማል። ከከተማው እስከ እኛ ያለውን መንገድ የሚመጣው በሰው እግርና በሰው አፍ ነበርና፣ የሚያመጣውን ሰው «ቆይ» ማለት ይቻል ነበር።

ሁለተኛው ሺህ ዓመት በተፈጸመ ሰሞን ግን በደባርቅ መንገድ አንጻር፣ ከጋራው ራስ ላይ የስልክ አንቴና ቆመ። መንደራችን ከጎድጓዳ ስላለች ሞገዱ በላያችን ያልፋል እንጂ አይወርድልንም። የሚገኘው ከመንገዱ ዳር፣ ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ ካለ አንድ ቋጥኝ ላይ ብቻ ነው። ሰዉ «ኔትወርክ ድንጋይ» አለው። በክረምት ጉም ውስጥ፣ ከዚያ ቋጥኝ ላይ ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች ፊታቸውን ወደ አንቴናው መልሰው ቆመው ሲታዩ፣ ከሩቅ የሚጸልዩ ይመስሉ ነበር።

ታናሽ እኅቴ ባሏ ከሞተ በኋላ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ቀርቷት ነበር። ዳዊት ያስደገምሁት እኔ ነኝ። መሬታቸው የእጅ መዳፍ ታህል ስለነበረች ልጁ በየክረምቱ ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ ይወርዳል። በአንዱ ዓመት ከመውረዱ በፊት እናቱንና እኔን ጎንደር ወሰደንና ለእርሷ ስልክ ገዛላት። የገዛው ከአባት ከአያት ጀምሮ በንግድ ከሚታወቁ የከተማው እስላም ቤተሰቦች ከአንዱ፣ ከእኔ ጋር ከወጣትነታችን ከምንተዋወቅ ነጋዴ ነው። ሲም ካርድ በዚያ ወራት እንደ ልብ አይገኝም፤ ተመዝግቦ ይጠበቃል። ነጋዴው የእርሷን በብዙ ደጅ ጥናት ካወጣላት በኋላ እየሳቀ አወጋን። ከጎጃም በምታንስ የፈረንጅ አገር እንኳ ብዙ ኩባንያ እየተሻማ ገዢን ይለማመጣል፣ ከኛ ግዛ ከኛ ግዛ ብሎ ደጁ ድረስ ይመጣል የሚል በራዲዮ ሰምቷል።

«እኛ ዘንድ ግን የኔታ፣ ሻጩ አንድ ነው፤ የምንለማመጠው እኛ ነን» አለኝ።

ለልጁ የሚሆን ሁለተኛ ሲም አልተገኘም። እርሱ ግን አልተጨነቀበትም። ድንበሩ ላይ የሱዳኑ ሞገድ ያለ ይለፍ ወረቀት ይሻገራል፤ ቺፕ የሚሉት የሱዳኑ ሲም ካርድም በየሱቁ ይሸጣል፤ የቀን ሠራተኛው ሁሉ የሚይዘው እርሱን ነበር። ለእናቱ ፊደል ስለማታውቅ ሁለት ቁጥርን ተጭና እንድትይዝ አስተማራት፤ እንዲያ ስታደርግ ወደ እርሱ ይደውላል። ሆኖም ወደ ሌላ መንግሥት የሚሻገር ጥሪ ነውና ካርዱን እንደ እሳት ይበላዋል፤ ካልጨነቃት በቀር እንዳትነካው አስጠንቅቋት ወረደ። እርሱ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይደውልላት ነበር፤ እርሷም ከቋጥኙ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች።

በፍልሰታ ጾም መግቢያ ነጋዴው ሰው ልኮ አስጠራኝ። ስደርስ የሱቁን በር ገርበብ አደረገና ከካርቶኖቹ መካከል አስቀመጠኝ። ሰሊጥ የሚገዛለት ወኪሉ ከመተማ ደውሎለት ኖሯል። የእኅቴን ልጅ ወባ ገድሎታል። ዝናቡ መንገዱን ስለ ቆረጠው ወደ ከተማ ማውጣት አልተቻለም፤ የሥራ ባልደረቦቹ ከካምፑ ዳር፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ቀብረውታል። ቄስ አልነበረም። እኔም የሟች አጎት ነበርሁና የሚረዳ እንጂ የሚያረዳ አልነበርሁም፤ ያን ቀን ግራ ቀኜን የያዘኝ አንድ እስላም ብቻ ነው፤ ሱቁን ዘግቶ፣ አልቅሼ እስኪበቃኝ አብሮኝ ተቀመጠ።

ስነሣ ክንዴን ያዘኝ።

«የኔታ፣ ዛሬውኑ ንገሯት። ስልኩን ከርሱ ጋር አልቀበሩትም፤ አንዱ ይዞታል። ስልክ እንደናንተ ቀን አይቆርጥም።»

ይህንን ለሽማግሎቹ አደረስሁ። ተመካከርን። እኅቴ ሱባኤ ይዛ ነበር፤ በበዓሉ ቀን ልትቆርብም ተዘጋጅታለች። መርዶ ከሰማች ሱባኤዋ ይፈርሳል፤ ከወንዝ ማዶ ያሉት ዘመዶቻችንም ውኃው ሳይጎድል አይሻገሩም። ስለዚህ ከበዓሉ ማግሥት ይሁን ተባለ። ቀብሩን በሚመለከት ደግሞ፣ በቤተ ክርስቲያን በፍትሐት ተቀበረ ብንላት ለእናት አንጀት ይሻላል ብለው ሁሉም ተስማሙ። እኔም ዝም አልሁ። የቀረው ስልኩ ነበር፤ ወሬው ብቻዋን ቆማ ሳለች እንዳይደርሳት ስል ባትሪው ይሞላልሽ ብዬ ወሰድሁትና፣ ከመንገዱ ዳር መብራት ላላት ባለ ምግብ ቤት ሰጠኋት። ጾሙ እስኪፈታ ከዚያ እንዲቆይ ነገርኋት። ምክንያቱን አልነገርኋትም፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው በበዛ ቁጥር መርዶው ይሾልካል።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ እኅቴ ወደ እኔ መጣች።

«ምነው አያ፣ ስልኬ አልሞላም?»

ኔትወርክ የለም፤ ስልኩ ቢመጣም ከንቱ ነው አልኋት። በዚያ ክረምት የአንቴናው ሞተር ነዳጅ ባጣ ቁጥር ሞገዱ ለቀናት ይጠፋ ስለነበር፣ ይህን የሚጠራጠር አልነበረም። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ሄደች።

በሚቀጥለው እሑድ ግን አልጠየቀችኝም። እኔው ቀድሜ፣ ኔትወርኩ አሁንም አልተመለሰም አልኋት።

«እግዜር ያብጀው» አለች፤ ዐይኔን አላየችም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀኖች ስጠብቃት ሰነበትሁ። እህል እምብዛም አትቀምስም፤ ጾም ነው። ስትሰግድ ግንባሯን ከመሬት አታነሣም፤ ሱባኤ ነው። ከሴቶቹ ተለይታ ከዋርካው ሥር ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ይህም የሱባኤ ሰው ጠባይ ነው። አንድ ቀን ከማኅሌት ስወጣ እጇን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ አሳርፋ ቆማ አገኘኋት። ታምማ እንደ ሆነ ጠየቅኋት፤ ጉልበቷ እንደ ሆነ ነገረችኝ። በበዓሉ ቀን ቆረበች። በነጭ ነጠላ ተሸፍና ከመቅደሱ ስትመለስ ባየኋት ጊዜ፣ እንኳንም ጠበቅን ብዬ አመሰገንሁ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሄድን። ከወንዝ ማዶ የመጡት ከኋላ፣ ሽማግሎቹ ከፊት፣ እኔ ከሁሉም ቀድሜ። የምናገረውን በልቤ አሰናድቼ ነበር። ልጅሽ ታሞ ነበር እንላለን፤ ከዚያ ጠንቶበት ነበር እንላለን፤ እንዲህ እያልን ደረጃ በደረጃ እንወርዳለን። ከደጁ ደርሰን ስንጠራት በሩ አስቀድሞ ተከፍቶ ነበር። ቤቱ ተጠርጓል። ከመደቡና ከወለሉ ዙሪያ የቤቱ አጎዛና ቁርበት ሁሉ ተነጥፏል፤ ብዙ ሰው እንደሚቀመጥበት። እርሷ ከምሰሶው ሥር ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ለብሳዋለች።

«ግቡ» አለች። «ቆያችሁ።»

እኔ ካሰናዳሁት የመጀመሪያውን ለመናገር አፌን ስከፍት እጇን አነሣች።

«አያ፣ አትድከም። ስልኩ ነግሮኛል።»

የሆነው እንዲህ ነበር። ከመጀመሪያው እሑድ በኋላ ወደ ምግብ ቤቱ ወጥታ ስልኳን ጠየቀች። ባለቤቲቱ፣ ቆይቶ እንደ ነገረችኝ፣ የራሷን ዕቃ እንዴት ልከልክላት ብላ ሰጠቻት። እኅቴ ካርድ ገዝታ አስሞላችና ከቋጥኙ ላይ ቆማ ሁለት ቁጥርን ተጭና ያዘች። ያነሣው የማታውቀው ሰው ነው። የልጇን ስም ጠርታ ስትጠይቀው፣ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ሳያጣራ፣ የዚህ ስልክ ባለቤት በወባ ሞቷል፣ እኛ ነን የቀበርነው አላት። እየተናገረ ሳለ ካርዱ አለቀ። ከቋጥኙ ወርዳ ስልኩን ለሴትዮዋ መለሰችና፣ ወንድሜ ከመጣ ስልኩ እዚሁ ነበር በይው አለቻት። ዝናብ ነበርና ሴትዮዋ ፊቷን ልብ አላለችውም።

ከሽማግሎቹ አንዱ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጠው፣ እንዲያ ከሆነ ምነው ዝም አልሽ፣ ምነው ያን ሁሉ ቀን ብቻሽን ቻልሽው አላት።

«እናንተ ሳትመጡ በማን ፊት ላልቅስ?» አለችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ያን ጊዜ ያስተዋልሁት ነገር ቢኖር፣ በእነዚያ ሁሉ ቀኖች ስትጠብቀን የነበረችው ልጇ መሞቱን እንድንነግራት እንዳልነበረ ነው። ሳትጠይቀው ካርዱ ያለቀባት አንድ ቃል ቀርቷት ነበር።

«የት ቀበሩት?»

ሽማግሌው የተስማማንበትን ሊመልስ ጉሮሮውን ጠረገ። በእጄ አቆምሁት። ከአንድ እሑድ እስከ ሌላው ስዋሻት ሰምታኛለች፤ እየሰማችም ችላኛለች።

«ከካምፑ ዳር፣ ከዛፍ ሥር» አልኋት። «ቄስ አልነበረም። ፍትሐቱን እኛ ዛሬ እናደርስለታለን።»

ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፈፈችው። ከምሰሶው ሥር ስትወድቅ ሽማግሎቹ ግራና ቀኝ ያዟት።