ዳለቻዋ ላምና የእናቴ ጥቁር ሻሽ

ከጊዮርጊስ ጀርባ፣ ከዋናው መንገድ ሁለት ቅያስ ገባ ብሎ በነበረው ግቢያችን እናቴ አንዲት ዳለቻ ላም ነበረቻት። ዛሬ ይህን ስናገር ልጆች ይስቁብኛል፤ ፒያሳ መሀል ላም! ነበረች እንጂ። ማኪያቶውን ጠጥቶ በእኛ በኩል ቁልቁል የሚወርድ ሰው «እምቧ» ስትል ይሰማት ነበር። በደርግ ዘመን እኔን የሚያህል የዚያች ላም ወዳጅ አልነበረም። ልጄ የስምንት ወር ናት፣ የእኔ ጡት በሕመም ደርቋል፣ የቆርቆሮ ወተት ደግሞ ከሱቅ ከጠፋ ቆይቷል። ልጄ የምትውለውም የምታድረውም በላሚቱ ወተት ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ እናቴ እንደ ልማዷ የፍስክ ዕቃውን ሁሉ አጠበች፣ የወተት መግፊያውን ቅል አጠነች፣ ከዚያም ጓዳ አስገብታ ቆለፈችበት። በዚያ ዓመት ጾሙን ከወትሮው አጥብቃዋለች። ወንድሜን ከቤት ወስደውት መሞቱን ከሰማን ሁለተኛ ዓመታችን ነበር፤ ጥቁር ሻሽ ከራሷ ላይ ወርዶ አያውቅም።

«ለልጅቷ አንድ ኩባያ ብቻ እለቢ። በጾም ቤት ወተት አይትረፍረፍ» አለችኝ።

እኔም ጠዋት አንድ ኩባያ እያለብሁ እነሳለሁ። ጥጃዋ ጡት ከተወች ሰንብታለች፤ የቀረው ወተት የት ይሄዳል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። የፒያሳ ልጅ ነኛ! ስለ ጫማ ተረከዝ ብጠየቅ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ላሚቱ ኩባያዬን በእርግጫ አሽቀነጠረችው። ግቷን ብነካው በአንድ በኩል አብጦ ጠጥሯል፣ ይፋጃል። ከዚያ ጡት የወጣው ቀጭን ውሃ ነበር። እናቴ ከጊዮርጊስ ጠበል አምጥታ ረጨቻት፤ እኔም አብሬ አማተብሁ። በማግስቱ ላሚቱ ፉርሽካዋን አልቀመስም አለች፤ ከደህናዎቹ ጡቶችም ለማለብ ብሞክር አላስጠጋ አለችኝ። ልጄ ባዶ ጡጦ ይዛ ስታለቅስ ነጠላዬን ለብሼ ወደ ጎረቤት ሮጥሁ።

ከአጥራችን ወዲያ ከወሎ የመጡ አንድ ሙስሊም አዛውንት ይኖሩ ነበር፤ ዕድሜያቸውን በየገጠሩ ከብት ሲከትቡና ሲያክሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው። ፍየላቸው የልጄን የሽንት ጨርቅ ከገመድ ላይ ስለበላችብኝ እሳቸውን አኩርፌያቸው ከርሜያለሁ። «ጋሼ፣ ይድረሱልን» ስላቸው ግን ስለ ኩርፊያዬ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የአንድ እግር ጫማቸውን በቅጡ ሳያጠልቁ ተከተሉኝ።

እጃቸውን ታጥበው ግቷን ዳሰሱና «ጥቁር ጨርቅ ስጡኝ። የወተት ሕመም በጥቁር ላይ ነው ጎልቶ የሚታየው» አሉ።

ቤቱን አተራመስሁት። መጋረጃው ነጭ፣ ነጠላው ነጭ፣ አንሶላው ነጭ። እናቴ ሻሿን ከራሷ ላይ ፈትታ ሰጠቻቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ፀጉሯን አላየሁትም ነበር፤ ሸብቶ አልቋል። ሰውየው ሻሹን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉና በሳህን ላይ ዘረጉት። ከአራቱም ጡቶች በየተራ ጠብ ጠብ አደረጉበት። ሦስቱ ንጹሕ ናቸው። ከአራተኛው የወጣው ግን አይብ የመሰለ ቁርጥራጭ ነበረበት።

«ማነው የሚያልባት?»

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ታልቢያለሽ?»

«አንድ ኩባያ።»

እኔን አዩ፣ እናቴን አዩ። የሚገባኝን ቁጣ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ሳቅ አሉ። ያን ቀን በእናቴ ፊት ስላላዋረዱኝ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

«እትዬ፣ እናንተ ጹሙ፤ አላህ ይቀበላችሁ። ላሚቱ ግን ሁዳዴ መግባቱን ማን ነገራት? ግቷ በየቀኑ ይሞላል፤ ካልታለበ ይታመማል።»

«ታዲያ በሁዳዴ ያን ሁሉ ወተት የት ላድርሰው?» አለች እናቴ።

«የእኔ የልጅ ልጆች ምን አጥፍተው ነው?»

እናቴ ሳትወድ ሳቀች።

ቀድሞ ይሠሩበት ከነበረ የከብት ክሊኒክ መድኃኒት አምጥተው በየቀኑ ይወጓት ጀመር። እኔን ደግሞ እንደ ተማሪ አስጠኑኝ፦ እጅሽን ሳትታጠቢ እንዳትነኪያት፤ ጡቶቿን አጥበሽ አድርቂ፤ ደህናዎቹን አስቀድመሽ የታመመውን መጨረሻ እለቢ፤ በቀን ደጋግመሽ እስከ መጨረሻው ጠብታ አውጪው፤ ጉዝጓዟ ደረቅ ይሁን። «በላች፣ ዳነች ብለሽ መርፌውን እንዳታስቋርጪኝ። መርፌው ካለቀም በኋላ እኔ ፈቀድሁ እስክልሽ ወተቷን ማንም እንዳይጠጣ፤ ጉድጓድ ውስጥ ድፊው» አሉኝ። ከቀበሌ ሱቅ በስንት ሰልፍ ያገኘሁት ሳሙና በላሚቱ ግት ላይ አለቀ። አልቆጨኝም።

በእነዚያ ቀናት ልጄን ያጠገበቻት ያችው የረገምኳት ፍየል ናት። ጠዋት ጠዋት ወተቷን በጮጮ ይዘው ይመጡና «አፍልተሽ ስጫት፤ የጨርቁ ካሳ ነው» ይሉኛል። አፍሬ መሬት መሬት አያለሁ።

መርፌው ካለቀ ከቀናት በኋላ አንድ ጠዋት «ጥቁሩን አምጪ» አሉኝ። እናቴ እኔን ቀድማ ሄደችና አጥባ ያስቀመጠችውን ሻሽ ይዛ መጣች። አንደኛው ጡት ንጹሕ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ንጹሕ። በአራተኛው ላይ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጥርት ያለ ነጭ ወተት ነበር።

«አልሐምዱሊላህ። አሁን ለልጅሽ ስጫት» አሉ።

«ተመስገን» አለች እናቴ።

ልጄ ጡጦዋን እስከ ታች ጨርሳ እቅፌ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። እናቴ ሻሹን አጥባ ስታሰጣው መልሳ ልታስረው መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን ከበረቱ ምሰሶ ላይ ምስማር መታችና እዚያ ሰቀለችው።

«ከእንግዲህ እዚህ ነው ሥራው» አለችኝ።

ከዚያ ራሷን በነጭ ሻሽ አሰረችና ለጎረቤታችን የልጅ ልጆች ወተታቸውን ልታደርስ ወጣች።