ከተጠየቀው በላይ

በወደቡ ከተማ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ያሉ ሐበሾች ልጃቸውን ትምህርት ቤት የሚያስገቡት በአይናለም በኩል ነው። ሕግ ሆኖ አይደለም፣ ልማድ ነው። አያቷ ከአዲስ አበባው ባቡር ሐዲድ ሥራ ጋር የመጡ፣ አባቷ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ ያረጁ፣ እሷ ደግሞ እዚሁ ተወልዳ በፈረንሳይኛ የተማረች ናት። በዚያ ላይ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ነሐሴ ሲጋመስ እናቶች ልጆቻቸውን ለልክ ያመጡላታል። ልጁ ክንዱን ዘርግቶ ሲለካ እናትየው፣ "እንግዲህ አይንዬ፣ የትምህርት ቤቱም ነገር አደራሽን" ትላለች። አይናለምም መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች ራሷን ትነቀንቃለች። አለቀ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሆነ ማስተማሪያ አይከፈልም። የወላጆች ማኅበሩ ግን ለጽዳቱም ለወረቀቱም እያለ በየዓመቱ መዋጮ ይቀበላል። ስንት እንደሆነ ቢሮው ለአይናለም በፈረንሳይኛ ይነግራታል። አይናለም ለእናቶቹ የምትነግራቸው ግን እጥፉን ነበር።

ለራሷ አንድ ፍራንክ አስቀርታ አታውቅም። የተሰበሰበውን እንዳለ ወስዳ "ከኢትዮጵያውያን ወላጆች" ብላ ለጸሐፊዋ ታስረክባለች። ነገሩ የመጣው ከአባቷ ነው። "ልጄ" ይሏት ነበር፣ "ሰው አገር ላይ የተጠየቅሽውን ብቻ ሰጥተሽ አትውጪ። ጨምሪበትና ዝም በይ። የጨመረን ሰው ወረቀት አለህ ወይ የሚለው የለም።" ከእናቶቹ ግማሾቹ የመኖሪያ ወረቀት የላቸውም። በጋው በመጣ ቁጥር ደግሞ የአፈሳ ወሬ አብሮ ይመጣል። ስለዚህ አይናለም በዚያ ጭማሪ የልጆቹን ሰላም የምትገዛ ይመስላት ነበር። ሻጩ ማን እንደሆነ ግን ራሷን ጠይቃ አታውቅም። ከቢሮው ጨምሪ ያላት የለም፣ ስለጨመርሽ እንዲህ እናደርግልሻለን ያላትም የለም።

አምና በለጡ መጣች። በለጡ ወደብ በር ላይ ሳምቡሳ ትሸጣለች። ባሏ ወሰኑ የአዲስ አበባን መንገድ የሚመላለስ የተሳቢ ሹፌር ነው።

"አይንዬ፣ የሁለቱ አልሞላልኝም" አለች። "የወሰኑ መኪና ድንበሩ ጋ፣ ጋላፊ ላይ ተሰብሮ ቆሟል። ትንሽ ቀንሱላት ብትያቸውስ?"

"መንግሥት ቤት ድርድር የለም፣ በለጥዬ።"

በለጡ ያላትን ቆጥራ ሰጠች፤ ለአንድ ልጅ በቃ። ትልቋ ፅዮናዊት ገባች፣ ትንሿ ናዝሬት ዓመቱን ከእናቷ ጋር ሳምቡሳው አጠገብ ዋለች። በለጡ ለአንዷ ብላ የሰጠችው ገንዘብ የሁለቱ ልክ እንደነበር አይናለም ታውቃለች። ያን ጊዜም ታውቅ ነበር። ለአንዷ ሴት እውነቱን ብነግራት ለሌሎቹ ምን እላለሁ ብላ ዝም አለች።

ዘንድሮ አዲስ ርዕሰ መምህርት መጣች፣ ማዳም ሱሪያ የምትባል። ትምህርት ሊከፈት ሲል ወላጆችን ሁሉ ግቢው ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው። መዋጮው ለሁሉም አንድ ነው፣ በር ላይ ይለጠፋል፣ ወላጅ ሁሉ በሚገባው ቋንቋ ይሰማዋል አለች። በፈረንሳይኛ ተነገረ። በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በዓረብኛም ተደገመ። ከዚያ ማዳም ሱሪያ ወደ አይናለም ዞረች።

"አማርኛውን አንቺ በይልን። ደግሞም ኢትዮጵያውያኑን አመስግኚልኝ። በየዓመቱ ከተጠየቀው እጥፍ ይሰጡ እንደነበር ሰምቻለሁ። የአዳራሹ ማራገቢያ ቬንቲላተሮች የተገዙት በእነሱ ገንዘብ ነው።"

አይናለም የክት ቀሚሷን ለብሳ ነበር የመጣችው። ተነሳች። ምስጋናውን ብትዘለው ማን ያውቃል? በፈረንሳይኛ ነው የተባለው። ልክ ይህን ስታስብ ዓይኗ በለጡ ላይ አረፈ። በለጡ ሳምቡሳ የምትሸጠው በሶማሊኛ ነው። ቁጥሩን ቀድማ ሰምታዋለች። ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ ታያታለች፣ እንደ ተቆጣ ሰው ሳይሆን፣ ሒሳብ ደጋግማ እንደምትደምር ሰው።

አይናለም ቁጥሩን ተናገረች። ምስጋናውንም አንድ ሳታስቀር ተረጎመችው። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

አንዷ ከኋላ፣ "ለካ ቬንቲላተር የምገዛው እኔ ነኝ! እቤቴ ከእኔ በቀር የሚዞር ነገር የለም" አለች። ጥቂቶች ሳቁ። ሳቁ ለአይናለም ከስድብ ከበዳት።

"ለራሴ አልወሰድኩም" አለች አይናለም። "ልጆቹን እንዳይነኩብን ብዬ ነው። አባቴ…" ከዚያ ወዲያ አልቀጠለላትም።

በለጡ ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች። "ወስደሽው ቢሆን ይሻለኝ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ሌባ ናት ብዬ እገላገል ነበር። አሁን ለናዝሬት ምን ብዬ ልንገራት?"

አይናለም ወደ ቤቷ የሄደችው ሰው በማይበዛበት በኩል ዞራ ነው።

ምዝገባው እሑድ ጠዋት ነበር፤ እዚያ አገር እሑድ የሥራ ቀን ነው። አይናለም ለናዝሬት አንድ ዩኒፎርም ሰፍታ በጋዜጣ ጠቅልላ መጣች። ልኩን የወሰደችው ከትዝታዋ ነው። በለጡ ልጇን ይዛ በመስኮቱ ፊት ተሰልፋለች። ተራዋ ሲደርስ አይናለም እንደ ልማዷ ቀደም ብላ አፏን ልትከፍት ነበር።

"ተይ አይንዬ" አለች በለጡ። ወደ ጸሐፊዋ ዞራ በገበያ ሶማሊኛዋ "ዋ ኢሚሳ?" አለቻት፣ ስንት ነው ማለቷ ነው። ጸሐፊዋ በሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ነገረቻት። በለጡ የሁለቱን ከፈለች። ስለ ወረቀት የጠየቃት አልነበረም። ይኼው ነው። እነዚያን ሁሉ ዓመታት የተጨመረው ለዚህ ነበር።

አይናለም ጥቅሉን ዘረጋች። በለጡ ፈታችውና ልብሱን ልጅቷ ላይ ለካችው። እጅጌው ከክንዷ ቀረ።

"አጥሯታል" አለች። "አንድ ዓመት እኮ ነው። አድጋለች።"

አይናለም ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ተንበረከከች። የልጅቷን እናት ቀና ብላ ላለማየት ሜትሩ ላይ አተኮረች። "ዛሬውኑ እቀጥለዋለሁ። በነጻ ነው" አለች።

"በነጻ አልፈልግም። ስንት ነው?"

"በለጥዬ፣ እባክሽ…"

"ለሌላው ሰው የምትይውን ንገሪኝ።"

አይናለም የናዝሬትን ክንድ እንደያዘች የስፌቱን ዋጋ ነገረቻት፣ ሁሉም የሚከፍለውን። በለጡ ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ ሰጠቻት፤ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም።