ለኢድ የተገዙት ሁለት ቀሚሶች

ከወሎ ስንወጣ ልጄ ጀርባዬ ላይ ነበረች። እኔ ልጅቷን፣ አብሮ አደጌ ጓዛችንን ተሸክመን። መተማ ስንደርስ እኔ ስዝል ልጅቷንም ጓዙንም ተሸክማ ቀደመችኝ። እንዲህ ናት። ውኃ ስንቀዳም፣ ቁርአን ስንቀራም፣ ሹሩባ ስንሠራም ማን ትበልጣለች እየተባባልን ነው ያደግነው። ሰው ይስቅብን ነበር፤ እኛም እንስቅ ነበር።

ካርቱም ስንገባ እኔ ካፉሪ ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት አዳሪ ሠራተኛ ሆንኩ። መዳሟ ደግ ናት፣ ልጅ ግን አላስገባም አለች። አብሮ አደጌ ሳሃፋ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ በሯ ላይ ሻይ ትሸጥ ስለነበር ልጄ እሷ ዘንድ ቀረች። እኔ ጁምዓ ጁምዓ በሃፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ እስከ ሱቅ ዐረቢ ገበያ፣ ከዚያ በሌላ ሃፍላ ሳሃፋ እመጣለሁ። መንገድ ላይ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ጥግ እይዛለሁ። ወረቀት የለኝም። ይዘው ቢመልሱኝ ልጄ ምን ትሆናለች እያልኩ ፊቴን በሻርፔ እሸፍናለሁ።

ልጅቷ ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት ለኢድ ሳንነጋገር ሁለታችንም ቀሚስ ገዛንላት። እኔ የገዛሁት ከመዳሟና ከልጇ ጋር ገበያ ወጥቼ ነው። የመዳሟ ልጅ የልጄ እኩያ ናትና በሷ ለካሁት። ሳለብሳት፣ ሳወልቅላት የምውለው እሷን ነው፤ እጄ የሚያውቀው የሷን ትከሻ ነው።

የኢድ ዕለት ጎረቤቶቻችን ባሉበት ቀሚሱን ለልጄ ሳለብሳት ትከሻዋ ላይ ቆመ። እጅጌው ክርኗ ላይ ቀረ።

«አንቺ ሴት፣ ለአሻንጉሊት ነው እንዴ የገዛሽው?» አለች አብሮ አደጌ። ሁሉም ሳቁ።

«አንቺ ነሻ ገንፎ እየጋትሽ ግንድ ያደረግሻት!» አልኩ። እኔም ሳቅሁ።

«ታዲያ ላስርባት ኖሯል?»

ልጅቷ አፈረች። ቀሚሱን እያወለቀች «ማዓሌሽ ያ ኻልቲ» አለችኝ፤ ምንም አይደል አክስቴ ማለቷ ነው።

ሳቁ ቆመ። አብሮ አደጌ ክንዷን ይዛ «እማ በያት!» ብላ ተቆጣቻት። ልጅቷ የሷን ፊት እያየች «እማ» አለችኝ። ታዝዛ። ከዚያ አብሮ አደጌ የገዛችላትን ቢጫ ቀሚስ ለበሰች፤ ልክ ሆነላት።

ያን ሁሉ ጊዜ ፖሊስ ስፈራ ልጄ በሰላም አገር፣ በገዛ ጓደኛዬ እጅ፣ ከኔ እየወጣች ነበር።

«እወስዳታለሁ» አልኩ።

«የት? ካፉሪ?»

«ካፉሪን እተዋለሁ። እዚሁ ገብቼ ልብስ እያጠብኩ አሳድጋታለሁ።»

ብርጭቆዎቿን ማጠብ ጀመረች።

እኛ ሠራተኞች ዘንድ ከሰው ቤት የምትወጣ ሴት ምትኳን ታስገባለች። ያለዚያ ስሟ ይጠፋል፣ ሌላ ቤትም አታገኝም። መዳሟም «ሰው አምጪልኝ» አለች። ስፈልግ ሰነበትኩ፣ አጣሁ። አንድ ጁምዓ ስመጣ አብሮ አደጌ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ በር ላይ ቆማለች።

«ያላ፣ ቤቱን አሳዪኝ። ወላሂ መዳምሽ በሳምንት ስምሽን ትረሳዋለች።»

እሷ በኔ ምትክ ካፉሪ ከገባች በኋላ በመጣው ጁምዓ ልጅቷ ከጠዋት ጀምራ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። አብሮ አደጌ አልመጣችም። በሚቀጥለውም አልመጣችም። ልጅቷ እህል አልቀምስም አለች። ፖሊስ ይዟት ይሆን ብዬ ካፉሪ ሄድኩ። የግቢውን በር ራሷ አብሮ አደጌ ከፈተችልኝ። ደህና ናት።

«ምነው እህቴ? ልጅቷ በናፍቆት አለቀች እኮ።»

«እኔ እየመጣሁማ አንቺን አትለምድም» አለች። «ያላ ሂጂ! ከማን ጋር ትተሻት መጣሽ?»

በሩን ዘጋችው። ግን አልሄደችም፤ በበሩ ሥር ጫማዋ ይታየኛል። እኔም ቆምኩ። ቆይቶ መዳሟ ከውስጥ ስትጣራ ሰማሁ፤ እኔን ትጣራ በነበረበት ድምፅ። ያን ጊዜ ጫማዋ ከበሩ ራቀ።

ሳሃፋ ስደርስ ልጅቷ ከጎረቤት ቤት ሮጣ ወጣች። መጀመሪያ ከኋላዬ ሰው ፈለገች።

«አትመጣም?»

«አትመጣም።»

ላቅፋት ስል ገፋችኝ። ግድግዳው ሥር ቆማ ብቻዋን አለቀሰች። በኋላ የምትደፋበት ሌላ ጭን ስላልነበራት መጥታ ጭኔ ላይ ተደፋች።