ኢዘዲን ተራው ሲደርስ

ኢዘዲንን ሰነፍ ነው የሚል ካለ ውሸቱን ነው። ሀርጌሳ ከመጣ ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ካሂን በሚባል ሰው ሆቴል ሰሃን ሲያጥብ፣ ጣቶቹ በሳሙና ሲሰነጣጠቁ፣ አንድ ቀን ከሥራ ቀርቶ አያውቅም። እንግሊዝኛውንም ሼክ ኑር በሚባለው ሰፈር በተከራያት ክፍል እያነበበ ጠጥቶታል። በል ተናገር ሲሉት ግን፣ ወይ ጉድ! ምላሱ ይተሳሰራል።

ማምለጫ ደግሞ አያጣም። የሚማርበት የእንግሊዝኛ ክፍል ከዐስር ሶላት በኋላ ተጀምሮ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ለመግሪብ ይበተናል። ተራው ሊደርስ ሲል "ውዱእ ላድርግ" ብሎ ይወጣል። ለሶላት የሚታጠብን ሰው ማን ቁጭ በል ይለዋል?

ሐሙስ ዕለት ግን ካሂን ለእንግዳ መቀበያው እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ፈልጎ፣ ራሱ ሰምቶ ሊመርጥ ክፍል ድረስ መጣ። ኢዘዲን ይህን ሥራ ካገኘ ሚስቱን አዚዛን ከከሚሴ ያመጣታል። ጠዋት ደውላ "ዛሬስ እንዳታሳፍረኝ" ብላዋለች።

መምህሩ መውሊድ ድሬዳዋ ስላደገ በአማርኛ ያስረዳቸዋል። ሰሌዳው ላይ "ገት አውት ኦፍ" ብሎ ጻፈ።

"ከባጃጅ ስትወርዱም ይሆናል" አለ። "እኔ የምፈልገው ግን ሌላውን ነው፤ ማድረግ ካለብህ ነገር በሰበብ ስታመልጥ። ተከትሎት የሚመጣው ግስ 'አይ ኤን ጂ' ይጨመርበታል። በሉ ምሳሌ!"

ኢዘዲን ይህን ከመጽሐፉ ቀድሞ አንብቦ፣ ከጎኑ የምትቀመጠውን ሳሚያን ትናንት አስጠንቷታል። ዓረፍተ ነገሩንም የሠራላት እሱ ነው፦ ወንድሜ ሁልጊዜ ሰሃን ከማጠብ ያመልጣል። አሁን ከፊቱ ሁለት ሰው ቀረው። ካሂን ኋላ ተቀምጦ ያዳምጣል። ኢዘዲን እጅጌውን ሰበሰበ። አንድ ሰው ቀረው።

"መምህር፣ ውዱእ ላድርግ።"

"ኧረ ኢዘዲን! አዛኑ እኮ ገና ነው!" አለ መውሊድ። ማን ሊሰማው!

እግሩን ደጋግሞ አጥቦ ሲመለስ የካሂን ወንበር ባዶ ነው። ሳሚያ አንገቷን ደፍታለች።

"ያቺን ያስጠናኸኝን ብናገር መረጠኝ" አለችው። "ወላሂ፣ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ አንተን ጠርቶ ነበር።"

ኢዘዲን በገነ። ጠረጴዛውን መታና ያችኑ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ፣ አንዲት ቃል ሳይስት፣ ጮክ ብሎ ተናገራት።

"አሁን ነው የምትናገረው?" አለ መውሊድ ተናዶ። "ለማን? ለእኔ?"

ስልኩ ጠራ። አዚዛ ናት። ኢዘዲን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ ገና ያልደረቀ እጅጌውን እንደገና ሰብስቦ ወደ ቧንቧው ሄደ።