ግድግዳው ላይም ነበሩ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሐያት ስልኳን ይዛ መጣች። ከጠፈር መንኮራኩር የተቀረጸ ቪዲዮ ነው፤ ደመና ከለበሰችው ምድር በላይ ጥቃቅን ነገሮች ይንሳፈፋሉ። «አባዬ፣ እነዚህ ምንድን ናቸው? የክፍላችን ልጆች ሌላ ፍጡር ነው ይላሉ» አለችኝ። እኔ ያየሁት ግን ዓይኗን ነው። መነጽሯ ወፍራም ነው፤ የዓይኗን ድካም ከእኔ ነው የወረሰችው።

በሃያ ዓመቴ ከኮምቦልቻ በላይ ባለችው ከተማችን፣ ሰኞ ገበያ ልብስ እሰፋ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ የቀረውን ከአሮጌ መጻሕፍት ራሴን ያስተማርኩ ስለሆንኩ፣ አላውቅም የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር። አንድ የክረምት ከሰዓት ፒያሳ ሻይ ቤት ከጓደኛዬ ከሰይድ ጋር ትኩስ ፓስቲ ስንበላ፣ ቴሌቪዥኑ እንዲህ ያለ ቪዲዮ አሳየ። ቤቱ በግምት ሲንጫጫ ተነስቼ አስረዳሁ፦ ከመንኮራኩሩ ገላ የተላቀቀ የበረዶ ቅንጣት ነው፤ ለካሜራው ስለቀረበ ትልቅ ይመስላል፤ ሞተሩ ሲተነፍስ ተገፍቶ ይበተናል። እውነትም ተበተነ። ሁለት ነጥቦች ግን ደመናው ላይ ቀሩ።

«እነዚህ ሁለቱ በረዶ አይደሉም» አልኩ።

«የቶቹ?» አለ ሰይድ።

«ጥቋቁሮቹ።»

«ወላሂ አንድም አላየሁ። ፓስቲህ ውስጥ ምን ጨምረውልህ ነው?»

ሁሉም ሳቁ። አፍሬ ፊቴን አዞርኩ። ነጥቦቹ ግድግዳው ላይም ነበሩ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። በማግስቱ ከሰይድ ጋር ጨርቅ ልናመጣ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ ቁልቁለቱ ላይ የሐረጎን ገደል በሞላው ነጭ ጉም ላይ ነጥቦቹ አብረውኝ ወረዱ። በርክተዋል። በግራ ዓይኔ ጥግ ብልጭ የሚል ነገር አለ።

«ምነው ዝም አልክ?» አለኝ።

«ደክሞኝ ነው።»

መርፌ የማይታየው ሰፊ ምን ይበላል? ይህን እያሰብኩ፣ ምን እንደሆነም አላውቅም ማለት አፍሬ ደበቅሁት። በሦስተኛው ቀን እንደ መጋረጃ ያለ ጥቁር ነገር ግራ ዓይኔን ሸፈነው። ቀኙን በእጄ ከድኜ መርፌውን ፈለግሁ፤ እጄንም አላየሁ። ሰይድ የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ ሳለቅስ አገኘኝና ሐኪም ቤት ወሰደኝ።

«ነጥቦቹን ማየት የጀመርከው መቼ ነው?» አለ ሐኪሙ።

«ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው።»

«የዓይንህ የውስጥ ሽፋን ተላቋል፤ ያኔውኑ ብትመጣ ኖሮ» ብሎ ካርዴ ላይ ጻፈ።

ዓይኔ አልተመለሰም። አላውቅም ማለት ያሳፍራል ብሎ የሚያስብ ወጣት ካለ ይህን ያንብብ፤ እኔ አዋቂ ልባል ስል የከፈልኩት ዓይኔን ነው።

ሐያት መልስ ትጠብቃለች። ቪዲዮውን አቆምኩት።

«መጀመሪያ ግድግዳውን እዪ።»

«ለምን?»

«እዪ አልኩሽ።»

መነጽሯን አስተካክላ አየች። «ምንም የለም።»

«አንዱን ዓይንሽን ከድነሽስ?»

«ምንም።»

«ሌላውንስ?»

«ምንም የለም፣ አባዬ።»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። «እንግዲያው በረዶ ነው።»