ወንዙ ዳር ችግኝ ሲያጠጡ ለኖሩት አክስቴ

አክስቴ በርበሬ በረንዳ ያለውን ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሁልጊዜ ከሰፈሩ ቧንቧ ውሃ በጀሪካን ቀድተው ወደ ወንዙ ዳር ይወርዱ ነበር። የወንዙ ውሃ ቆሻሻ ስለሆነ ለችግኝ አይሆንም። ቀበሌው በየክረምቱ ባነር ይዞ መጥቶ ይተክልና ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። በጋውን ሙሉ በነፃ የሚያጠጡት ግን እሳቸውና ሦስት የሰፈር ሴቶች ነበሩ።

አንድ ጊዜ አክስቴ የሴቶቹን መሰላቸት አይተው ቀበሌ ሄዱ፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ።

«ለእኔ ብዬ አይደለም» አሉ። «ለእነሱ በቅርብ አንድ ቧንቧ አስገቡላቸው። ካልሆነም ሰብስባችሁ አመስግኗቸው።»

ኃላፊው ሳቀ። «እትዬ፣ በፈቃዱ የሚሠራ ሰው ምን ምስጋና ይፈልጋል?»

«ፈቃድም እኮ ይደክመዋል፣ ልጄ።»

ቧንቧውም ምስጋናውም ሳይመጣ ቀረ። ሴቶቹ ተራ በተራ ተዉት፤ አክስቴ እስኪታመሙ ድረስ ብቻቸውን አጠጡ።

የአክስቴ ለቅሶ ላይ ያው ኃላፊ በፍሬም የገባ የምስክር ወረቀት ይዞ መጣና ድንኳኑ ውስጥ ረጅም ንግግር አደረገ።

«ሦስቱ ሴቶች ከጀርባ ሰሃን እያጠቡ ነው፤ ሄደህ እነሱን አመስግን» አልኩት።

ሰዓቱን አየና «ሌላ ጊዜ» ብሎኝ ወጣ።

ከሰልስቱ በኋላ ጀሪካኑን ሞልቼ ወረድኩ። ሦስተኛው ምልልስ ላይ ወገቤን ያዘኝና ተቀመጥኩ። ኃላፊውን ልረግም ስል የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ስንት ጠዋት መሳለሚያ ላይ ታክሲ ስጠብቅ አክስቴ ጀሪካን ተሸክመው በአጠገቤ ሲያልፉ «እንደምን አደሩ» ብቻ ብዬ አሳልፌያቸዋለሁ። አንድም ቀን «ልያዝልዎት» አላልኳቸውም።