ከሽኩር ሱቅ ጀርባ ያለው ደረጃ

ራዚያ የሕንጻውን ሁለተኛ ፎቅ ስትለካ ቁጥሩ አልገጥም አላት። ከውጭ የለካችው ከውስጡ በሦስት ሜትር ይበልጣል። ሜትሯን ደግማ ዘረጋች፤ ያው ነው። ልዩነቱ የመጣው በታላቅ ወንድሟ በሽኩር የአንሶላና የመጋረጃ ሱቅ በኩል ነበር። መደርደሪያውን ገፋ አድርጋ በስልኳ መብራት ስታይ በጣውላ የታሸገ በር አገኘች። በስንጥቁ አጮልቃ ስታይ ወደ ላይኞቹ ፎቆችም ወደ ምድር ቤትም የሚዘልቅ ደረጃ አለ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. የ2020 ሐምሌ፣ ጆሃንስበርግ በብርድም በኮሮናም የተጨነቀችበት ነው። መሐል ከተማ ያለው ይህ ሕንጻ ከተዘጋ ወራት አልፈዋል። መቶ ሠላሳ ሱቆች አሉበት፤ ባለሱቆቹ አብዛኞቹ የስልጤና የሀዲያ ሰዎች ናቸው። ሕንጻውን ተከራይቶ ለእነሱ የሚያከራየው ሱሩር፣ የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪዎች የመግቢያና የመውጫ ፕላን ካላዩ እንደማይከፍቱለት ተነግሮት ለራዚያ የዐሥር ቀን ጊዜ ሰጥቷታል።

ራዚያ ወራቤ ተወልዳ አዲስ አበባ አርክቴክቸር የተማረች ናት። ወደዚህ አገር ያመጣት ሽኩር ነው። ዲግሪዋን የሚቀበላት ቢሮ ስላጣች ሁለት ዓመት በሱቁ አንሶላ ሸጠች። አንድ ቀን መጋረጃ ልትገዛ የገባች ነጭ ሴትዮ፣ ራዚያ ካርቶን ላይ የሳለችውን የሱቁን ንድፍ አይታ የማን ሥራ እንደሆነ ጠየቀች። ሴትዮዋ ኬርስቲ ትባላለች። ከኤስቶኒያ መጥታ በዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት በአርክቴክትነትና በከተማ ፕላን የሠራች ናት። በሳምንቱ ራዚያን ቀጠረቻት። ከዚያ ወዲህ ራዚያ ትስላለች፣ ኬርስቲ ትፈርማለች፤ ራዚያ የሙያ ፈቃድ አልነበራትምና።

ኬርስቲ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሳንባዋም ደካማ ስለሆነ ትሮይቪል ካለው ቤቷ አትወጣም። ራዚያ የበሩን ፎቶ ላከችላትና ደወለች። ኬርስቲ ፎቶውን አጉልታ አየችና፣

«አንደኛ ፎቅ ላይ እሳት ቢነሣ አራተኛው ላይ ያሉት በየት ይወጣሉ?» አለቻት።

ሕንጻው የሚጠቀምበት ደረጃ አንድ ብቻ ነበር። ኬርስቲ ያ ደረጃ ካልተከፈተ እንደማትፈርም ቁርጡን ነገረቻት።

ራዚያ የዚያኑ ዕለት ሜይፌር ሰፈር ሽኩር ቤት ሄደች። መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። ንድፉን ዘርግታ መተላለፊያው ከሱቁ ከግማሽ በላይ እንደሚወስድ ስታሳየው ግን ፊቱ ተለወጠ። ሚስቱ ሰሊማ ልጆቹን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

«ከመቶ ሠላሳ ሱቅ የኔ ብቻ ነው የሚፈርሰው?»

«ደረጃው ያለው እዚያ ነው፣ ወንድሜ።»

«ያመጣሁሽ እኔ ነኝ፣ ራዚያ» አለ፣ ድምፁን ሳያነሣ።

የቀረበውን ራት ሳትቀምስ ወጣች።

ሱሩር ወሬው ሲደርሰው በሩን በብሎኬት አስዘግቶ ሌላ ፈራሚ እንደሚፈልግ ነገራት። ከዚያ በፊት ለባለሱቆቹ ራሷ እንድታስረዳ ለመነችው። መሰብሰብ በተከለከለበት ሰሞን፣ በዘጠነኛው ቀን፣ ስድሳ ያህል ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ተሰበሰበ። ንድፉን ግድግዳ ላይ ለጥፋ ማስረዳት ስትጀምር ማጉረምረሙ በረታ። የሕንጻውን መከፈት የምታዘገየው እሷ ናት የሚሉ ነበሩ። ሽኩር ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

በዚህ መሐል በመስኮት በኩል አንዱ «ፖሊስ መጣ!» አለ።

ከመሐላቸው ወረቀት የሌለው ብዙ ነው። ሁሉም ወደ ብቸኛው ደረጃ ሮጠ። ራዚያን ሰው እየገፋ ወሰዳት። ታች ዘበኛው ደንግጦ የብረቱን በር ቆልፎታል፤ ፊተኞቹ እዚያ ሲቆሙ ከላይ ያለው አሁንም ይወርዳል። ከሦስተኛው ፎቅ ዝቅ ብሎ ደረቷ ከመደገፊያው ብረት ጋር ተጣበቀ። ማስኳ አፏ ላይ ረጥቦ አየር አጣች። ቀሚስ የምትሸጠው በለጥሽ እግሯ ሥር ወድቃ ስትጮኽ ሰማቻት፤ ጎንበስ ማለት ግን አልቻለችም።

ከጀርባዋ ሁለት ክንዶች መጥተው በግራና በቀኟ መደገፊያውን ያዙ። ሽኩር ነበር። ሰዉን በጀርባው ገትሮ፣ «አትግፉ! ሰው ወድቋል!» እያለ በአማርኛም በስልጢኛም ጮኸ። ዘበኛው ቁልፉን አግኝቶ እስኪከፍት ድረስ አልተነቃነቀም።

የመጣው ፖሊስ አልነበረም፤ የአንድ ጥበቃ ድርጅት መኪና ነው። የበለጥሽ ክንድ ተሰብሯል፤ የሞተ ሰው የለም። ሱሩር የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ያዘ፤ ስለ ብሎኬቱም ሁለተኛ አላነሣም።

በማግስቱ ጠዋት ራዚያ ስትደርስ ሽኩር በመዶሻ ጣውላውን እየነቀለ ነበር።

«መስመሩ የት ጋ ነው?» አላት።

በጠመኔ አሰመረችለት። መስመሩን ተከትሎ ማፍረሱን ቀጠለ።

ኬርስቲ ደረጃውን ከላይ እስከ ታች በስልክ ምስል አየችው። በሩን ሁለት ጊዜ አስሰፍታ ፈረመች። ሕንጻው በሁለተኛው ሳምንት ተከፈተ። ለሽኩር ግን የደረሰው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ቦታ ነው፤ ደንበኛም እዚያ ድረስ እምብዛም አይወጣም። ቅር እንዳለው አንድ ዓመት ያህል የእህቱን ቤት አልረገጠም። በቀጣዩ ዓመት አረፋ ነው ልጆቹን ይዞ የመጣው።

ራዚያ እ.ኤ.አ. በ2022 የሙያ ፈቃድ ፈተናውን አልፋ በራሷ ስም መፈረም ጀመረች። ሕንጻ ሊከራይ ያሰበ ነጋዴ ሽኩርን ሲያማክረው መጀመሪያ እህቱ እንድታየው ይመክረዋል። ሱቁን ልታስፈርስበት እንደምትችልም አስቀድሞ ይነግረዋል።